«እማዬ» የምትባለው ማን ናት? የኡሙ አይመንና የአንድ ቃል ታሪክ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን የአንድ ወጣት ጥያቄ ነው። ወላጅ እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ሞታለች። ያሳደገችው አባቱ በኋላ ያገባት ሴት ናት። አጥባዋለች ባይባልም አጉርሳዋለች፣ አጥባዋለች፣ ሲያመው አብራው አድራለች፣ መድረሳ እጁን ይዛ ወስዳዋለች። ዕድሜውን ሙሉ የሚጠራት «እማዬ» ብሎ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ጓደኛው «ቁርኣን እናት ማለት የወለደች ብቻ ናት ብሏል፤ ስለዚህ እሷን እናቴ ማለት አይፈቀድልህም» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፉ ተሳሰረ። ቤት ሲገባ ሰላም ይላል እንጂ «እማዬ» አይልም። እሷም ገብቷታል። «ምነው ልጄ፣ ስሜ ጠፋብህ?» አለችው።

ፈትዋ የዑለማዎች ሥራ ነው፤ እኛ ወደዚያ አንገባም። ነገር ግን ይህ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ታሪክ አለው። ያ ታሪክ ደግሞ መካና መዲና ውስጥ የተጻፈ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ የቆመችው ከእኛ ምድር የተገኘች አንዲት ሴት ናት። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ እንያዘው።

🔹 ቃሉና ትርጉሞቹ

በዐረብኛ እናት «ኡም» ትባላለች። በግእዝ «እም»፣ በዕብራይስጥ «ኤም» ነው። ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ስለሆኑ ቃሉን ከአንድ ምንጭ ወርሰውታል። አማርኛችን ለዕለት ንግግር «እናት» የሚለውን ቢይዝም አሮጌው «እም» ከአፋችን አልጠፋም። «እመቤት» ስንል የቤት እናት ማለታችን ነው። ቤት የምታስተዳድረውን ሴት «እማወራ» የምንላትም ከዚሁ ነው።

የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት «ኡም»ን፣ «ኡማ»ን እና «ኢማም»ን በአንድ ሥር ሥር ያሰፍሯቸዋል። ሌላው የሚመለስበት፣ የሚሰበሰብበት፣ የሚከተለው ነገር የሚል ሐሳብ ያያይዛቸዋል። ስለዚህ ዐረቦች «ኡም»ን ለሰው ብቻ አልተዉትም። ቁርኣን መካን «ኡሙል ቁራ» ይላታል፤ የከተሞች እናት ማለት ነው። «ኡሙል ኪታብ» የመጽሐፉ እናት፣ መሠረቱ ማለት ነው። ሱረቱል ፋቲሓም «ኡሙል ቁርኣን» የሚል ስም አላት። እኛም እኮ «እናት መሥሪያ ቤት»፣ «እናት ክፍል» እንላለን። ቅርንጫፎቹ የሚመለሱበትን ዋናውን ቦታ ማለታችን ነው።

በሱረቱል ቃሪዓ ደግሞ ቃሉ በሚያስፈራ መልኩ መጥቷል። ሚዛኑ የቀለለበት ሰው «እናቱ» ሃዊያ እንደሆነች ተነግሯል። ብዙ ሙፈሲሮች እንዳብራሩት ይህ መጠጊያው እሷ ናት ማለት ነው። ልጅ ሲደነግጥ ወደ እናቱ ይሮጣል፤ ያ ሰው ግን የሚሮጥባት «እናት» እሳት ሆነችበት። አላህ ይጠብቀን።

ሌላም አለ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከተራራው ሲመለሱ ሕዝባቸው ጥጃ ሲያመልክ አግኝተው ተቆጡ፤ የወንድማቸውን የሃሩንን ራስ ያዙ። ያኔ ሃሩን (ዐ.ሰ) ወንድማቸውን የጠሩት የእናቴ ልጅ ብለው ነው። የአባቴ ልጅ አላሉም። ብዙ ሙፈሲሮች ሁለቱ የአንድ አባትም የአንድ እናትም ልጆች እንደነበሩ ይናገራሉ፤ ሃሩን እናትን የጠሩት የወንድማቸውን ልብ ለማራራት እንደሆነም ያስረዳሉ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ተፍሲር አያስፈልገውም። ሰው ሲጨነቅ «የእናቴ ልጅ» ነው የሚለው።

🔹 ቃሉ ከምላስ ሲጠበቅ

የወጣቱ ጓደኛ ጠቅሶ የተናገረው አንቀጽ በእርግጥ አለ። ሱረቱል ሙጃደላ ውስጥ ነው። ግን ለምን ወረደ?

ከኢስላም በፊት ዐረቦች ዘንድ «ዚሃር» የሚባል ልማድ ነበር። ባል ሚስቱ ላይ ሲቆጣ «አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» ይላታል። ከዚያ በኋላ እንደ ሚስት አይቀርባትም፤ ፈትቶም አይለቃትም። ሴቲቱ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ላይ ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት ይህንኑ ተናገረ። እሷ ግን ዝም አላለችም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዳ ተከራከረች፤ ወደ አላህም አቤት አለች። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እዚያው ቤት ውስጥ ሆና ንግግሯ በከፊል እንዳልተሰማት፣ አላህ ግን እንደሰማት እየተደነቀች ተናግራለች።

አንቀጾቹ ወረዱ። መልእክታቸው ግልጽ ነበር፤ ሚስት በአንድ ቃል እናት አትሆንም፤ እናት የወለደች ናት፤ ይህ ንግግር የተወገዘና ሐሰት ነው። ያን ቃል የተናገረ ሰው ወደ ሚስቱ ከመመለሱ በፊት ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያልቻለ 2 ወር ተከታታይ መጾም፣ ያንንም ያልቻለ 60 ምስኪን ማብላት ግድ ሆነበት። የእናትን ስም ለበደል መሣሪያ ማድረግ ይህን ያህል ዋጋ አስከፈለ።

ሱረቱል አሕዛብ መጀመሪያ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዚሃር የተባለችዋ ሚስት እናት አይደለችም፤ በማደጎ የተወሰደ ልጅም የሥጋ ልጅ አይሆንም፤ በወላጅ አባቱ ስም ይጠራ ተባለ። እስከዚያን ቀን ድረስ «ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ» ይባል የነበረው ዘይድ (ረ.ዐ) «ዘይድ ኢብኑ ሐሪሳ» ወደሚለው ስሙ የተመለሰው በዚህ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ዘይድ በታሪካችን ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ድረስ ካየን ጓደኛው ትክክል ይመስላል። ግን ቁርኣን እዚህ ላይ አላቆመም።

🔹 ቃሉ ሲከፈት

እዚያው ሱረቱል አሕዛብ ውስጥ፣ ገና 6ኛው አንቀጽ ላይ፣ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች የምእመናን እናቶች ተብለዋል። «ኡሙል ሙእሚኒን» የሚለው ማዕረግ የመጣው ከዚህ ነው። ከጥቂት አንቀጾች በፊት ቃሉን ከሐሰት የጠበቀው አምላክ እዚህ ላይ በክብር ሰጠው። ዑለማዎች ሁለቱን እንዲህ ያስታርቋቸዋል፤ የምእመናን እናቶች ሲባል በክብርና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ ማንም ሊያገባቸው የማይፈቀድ በመሆኑ ነው። ውርስን፣ ዘር መቁጠርን፣ ያለ ሒጃብ መቀመጥን ግን አያስከትልም። ስለዚህ ቃሉ ሁለት በር አለው፤ አንዱ የመውለድ፣ ሌላው የክብር። አንዱ በሌላው ስም አይገባም።

ከእነዚህ እናቶቻችን መካከል ሦስቱ፣ ሰውዳ፣ ኡሙ ሰለማ እና ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ)፣ ቀደም ሲል የመካን ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የተሰደዱ ናቸው። ኡሙ ሐቢባ እንዲያውም ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የታጨችው እዚሁ ሐበሻ ሳለች ነው፤ መህሯንም የከፈለላት ነጃሺ ነበር።

በዚያው ላይ የጡት እናት አለች። ሱረቱ ኒሳእ ጋብቻ የማይፈቀድባቸውን ሴቶች ስትዘረዝር ያጠቡትንም «እናቶቻችሁ» ብላ ትጠራቸዋለች። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ያጠቡት ሡወይባና የበኒ ሰዕዷ ሐሊማ ለዚህ ነው እናቶቻቸው የሚባሉት።

በቅጽል ስምም ቃሉ ሰፊ ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) አልወለደችም፤ ግን «ኡሙ ዐብዲላህ» ትባል ነበር፤ በእህቷ ልጅ በዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ስም። ሐበሻ ውስጥ ያደገች አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ገና በልጅነቷ «ኡሙ ኻሊድ» ትባል ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ ሲያለብሷት «ሰናህ» እንዳሏት ቡኻሪ ዘግቧል። በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት ነው፤ የግእዙን «ሠናይ» ልብ ይሏል።

🔹 በረካ

አሁን ወደ ዋናዋ ሴት እንምጣ። ስሟ በረካ ነው። ሐበሻዊት ናት። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አባት የዐብዱላህ አገልጋይ ነበረች። ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ እንደተዘገበው አሚና ልጇን ከአባቱ ሞት በኋላ ስትወልድ፣ እስኪያድጉ ድረስ አቅፋ የተንከባከበቻቸው እሷ ናት።

ልጁ 6 ዓመት ሲሆናቸው አሚና ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ወደ የሥሪብ ይዘዋቸው ሄዱ። በረካም አብራ ነበረች። ሲመለሱ አሚና ታመው መንገድ ላይ፣ አብዋእ በምትባል ቦታ አረፉ። እስኪ ሁኔታውን አስቡት። በረሃ ነው። አባት ቀድሞ የለም፤ አሁን እናት ተቀበረች። የ6 ዓመቱን የቲም ይዛ እስከ መካ የዘለቀችውና ለአያታቸው ለዐብዱልሙጦሊብ ያስረከበቻቸው ያቺ ሐበሻዊት ናት። 8 ዓመት ሲሆናቸው አያትየውም ሞቱ። ልጁ ወደ አጎታቸው አቡ ጣሊብ ቤት ሄዱ፤ የአጎታቸው ሚስት ፋጢማ ቢንት አሰድም እንደ ልጇ አሳደገቻቸው። በረካ ግን ከሕይወታቸው አልወጣችም።

በ25 ዓመታቸው እናታችን ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጧት። አግብታ አይመን የሚባል ልጅ ወለደች፤ «ኡሙ አይመን» የሚለው ስሟ የመጣው ከእሱ ነው። ኢስላም ሲመጣ ከቀደሙት አማኞች አንዷ ሆነች። በኋላም ዘይድ ኢብኑ ሐሪሳ አገባት። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ዘይድ ማለት ነው። ከእነርሱም ኡሳማ ተወለደ።

የሲራና የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እሷን ሲጠሩ «ያ ኡማህ» ይሏት ነበር፤ እናቴ ሆይ ማለት ነው። ከእናታቸው በኋላ እናታቸው እንደሆነችም ተናግረዋል ተብሎ ተዘግቧል። እናት ማለት የወለደች ናት የሚለው አንቀጽ የወረደው በእርሳቸው ላይ ነው። ያንን አንቀጽ ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው ግን ላሳደገቻቸው ሐበሻዊት ይህን ስም አልነፈጓትም።

🔹 ቃሉ ሥራ ሲሆን

እናቴ ማለት ቀላል ነው። ጉሊት ላይ ቲማቲም ስንገዛም «እናት፣ ስንት ነው?» እንላለን። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «እናቴ» ግን ከምላስ ያለፈ ነበር። ሁለት ዘገባዎች እንይ፤ ሁለቱም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የመጡና ሶሒሕ ውስጥ ያሉ ናቸው።

አንድ ቀን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋት ቤቷ ሄዱ። የሚጠጣ ነገር አቀረበችላቸው። ጾመኛ ይሁኑ ወይም ስላላሰኛቸው፣ አነስ አላወቀም፤ አልጠጡም። ኡሙ አይመን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አጉረመረመችባቸው። የመዲና መሪ ናቸው፤ ሰው በፊታቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እሷ ግን እንግዳዬ አልበላም ያለባት እናት እንደምትሆነው ሆነች። እርሳቸውም አልተቆጧትም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንሷሮች ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰጧቸው የተምር ዛፎች ነበሩ። ከእነዚያ የአነስ ቤተሰቦች የሰጡትን ለኡሙ አይመን ሰጥተዋት ነበር። በኋላ ሙስሊሞች መሬት ሲያገኙ ዛፎቹ ለባለቤቶቻቸው መመለስ ጀመሩ። አነስ የቤተሰቡን ሊቀበል መጣ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መለሱለት። ኡሙ አይመን ሰምታ መጣችና የአነስን አንገት በልብሱ አንቃ ያዘችው። ለእኔ የተሰጠኝን አልመልስም ብላ በአላህ ማለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተዪው፣ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ አሏት። እንቢ አለች። ጨመሩላት። አሁንም እንቢ አለች። 10 እጥፍ ወይም ወደዚያ የቀረበ እስኪሰጧት ድረስ እንዲሁ ቀጠሉ። ማዘዝ ይችሉ ነበር፤ አላዘዟትም። የሌላውን ሐቅ መለሱ፤ የእናታቸውንም ልብ ሳይሰብሩ ሸኟት።

እሷም በበኩሏ እናትነቷን በቤት ብቻ አልወሰነችም። በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ ኡሑድ ላይ ውኃ አጠጥታለች፣ ቁስለኛ አክማለች። በ8ኛው ዓመት ባሏ ዘይድ ሙእታ ላይ፣ የበኩር ልጇ አይመን ሑነይን ላይ ሸሂድ ሆኑ። በአንድ ዓመት ውስጥ ባልና ልጅ አጣች።

🔹 በእናት መስደብ

የተከተለውን ለእኛ ለከተማ ልጆች በተለይ ልንናገረው ይገባል። የኡሳማ ቆዳ እንደ እናቱ ጥቁር ነበር፤ አባቱ ዘይድ ቀላ ያለ ነበር። በዚህ ምክንያት ስለ ዘሩ የሚያሙ ነበሩ። አንድ የእግር ዱካ አዋቂ አባትና ልጅ ተከናንበው ተኝተው እግራቸውን ብቻ አይቶ አንዱ ከአንዱ የተገኘ እንደሆነ ሲመሰክር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው በደስታ አበራ። በኋላም በሕይወታቸው ማብቂያ፣ 20 ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላውን ኡሳማን የጦር አዛዥ አድርገው ሾሙት። ሰዎች ሲያጉረመርሙ ለሹመቱ የተገባ እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። የቀድሞዋ ባሪያ፣ የሐበሻዊቷ ልጅ ታላላቅ ሷሓቦችን መራ።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድ ጊዜ ከሰው ጋር ተጣልቶ በእናቱ ዘለፈው፤ እናቱ ዐረብ አልነበረችም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ በእናቱ አነወርከው ወይ ብለው ገሠጹት፤ የጃሂሊያ ባሕርይ እንዳለበትም ነገሩት። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ሰው የገዛ ወላጆቹን መስደቡ ከከባድ ወንጀሎች መሆኑን ተናገሩ። ሷሓቦች ተገርመው ሰው እንዴት ወላጁን ይሰድባል ሲሉ፣ የሌላውን እናት ይሰድባል፣ ያም መልሶ የእሱን ይሰድባል ብለው አስረዱ።

ወንድሜ፣ ታክሲ ተራ ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ስልክህ ላይ በየአስተያየት መስጫው ስንት ጊዜ «እናትህን» ሲባል ትሰማለህ? ስንት ጊዜስ ከአንተ አፍ ይወጣል? ዚሃር የእናትን ስም በሚስት ላይ በደል መሥሪያ ስላደረገ 2 ወር አስጹሟል። እኛ ያንኑ ስም ለቀልድ ስድብ እናደርገዋለን።

🔹 ከእርሳቸው በኋላ

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ በኋላ አቡበክር ዑመርን (ረ.ዐ) ኡሙ አይመንን እንጠይቃት፣ ረሱል ይጠይቋት እንደነበረው አለው። ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ አይደለምን ብለው አጽናኗት። እሷም ይህንን ሳታውቅ ቀርታ እንደማታለቅስ፣ የሚያስለቅሳት ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ መቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።

ልብ በሉ። አንዱ ኸሊፋ ነው፤ ሌላው ቀጣዩ ኸሊፋ። የሄዱት አንዲት አሮጊት ሐበሻዊት ቤት ነው። የሄዱትም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይሄዱ ስለነበር ነው። የእናትነት ቃል ከባለቤቱ ሞት በኋላም ዕዳ ሆኖ ወደ ወዳጆቹ ተሻገረ።

🔹 ወደ ጥያቄው ስንመለስ

ወጣቱ ወንድማችን፣ ታሪኩ የሚያሳየው ይህን ነው። ቁርኣን የከለከለው ውሸትን ነው፤ ዘርን ማፋለስን፣ የሌለ ሥጋ አለ ማለትን፣ በቃል ሰው መበደልን። የወለደችህ እናትህ ስሟ የራሷ ነው፤ በዱዓህ አትርሳት። ያሳደገችህን ደግሞ በክብር «እማዬ» ብለህ ብትጠራት፣ ካንተ በፊት ከአንተ የሚበልጡት ጠርተዋል። አማርኛችን እንዲህ ያለችውን ሴት «የእንጀራ እናት» ይላታል። ብዙዎች ለሐሜት ይጠቀሙበታል። ቃሉ ግን ሲፈታ እንጀራ ያበላች እናት ማለት ነው። ይህ ለየትኛዋ ሴት ስድብ ይሆናል?

ሌሎቻችንም ቤታችንን እንይ። ከገጠር በ12 እና በ13 ዓመቷ መጥታ ታናናሾቻችንን ያዘለች፣ ዛሬ ግን ስሟን እንኳ በትክክል የማንጠራት ልጅ የለችም? ዐረብ አገር ሄደው የሰው ልጅ አቅፈው የሚያሳድጉ እህቶቻችንስ? ከ1400 ዓመት በላይ በፊት አንዲት ሐበሻዊት በዐረብ ምድር የሰው ልጅ አቅፋ አሳደገች። ያሳደገቻቸው ልጅ አልረሷትም። ሄደው ጠየቋት፣ ቁጣዋን ቻሉ፣ 10 እጥፍ ሰጧት፣ ልጇን ከፍ አደረጉ፤ ስሟንም «እናቴ» አሉ።

እንግዲህ ወንድማችን፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ ስሟን መልስላት።

አላህ የወለዱንንም ያሳደጉንንም እናቶቻችንን ይዘንላቸው። በሕይወት ላሉት ዕድሜና ጤና፣ ላለፉት ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅልን። የእናታችንን የኡሙ አይመንን ሥራ አላህ ይውደድላት። አሚን።